የአቶ መርስዔ ኀዘን ዐሥራ ሁለት ቃላት

ባሕር ዳር ውስጥ የሱቅ ስም የሚጽፉ ሠዓሊዎች አቶ መርስዔ ኀዘንን ከሩቅ ካዩ፣ ብሩሻቸውን ቆርቆሮው ውስጥ ነክረው ሻይ ለመጠጣት ይሄዳሉ። ሰውየው ክፉ ሆነው አይደለም። አነጋገራቸው ለስላሳ፣ ሰላምታቸው ረጅም ነው። ነገር ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ማተሚያ ቤት ውስጥ በአራሚነት ሠርተዋል፤ ጡረታ የወጡትም ከደመወዙ እንጂ ከሥራው አይደለም። «ልጄ፣ ሥጋ እኮ በንጉሡ ሠ ነው የሚጻፈው» ብለው በትሕትና ሲናገሩ፣ ቀለሙ ያልደረቀ የሥጋ ቤት ማስታወቂያ እንደገና ይፋቃል። የሠርግ ጥሪ ሲደርሳቸው ከሠርጉ ቀን በፊት አርመው ይመልሱታል። አንድ ጊዜ ለቅሶ ላይ የሟች የሕይወት ታሪክ ታትሞ ሲታደል፣ እጃቸው ወደ ደረት ኪሳቸው ወደ ብዕሩ ሲሄድ ባለቤታቸው ወይዘሮ ውዴ ቀድመው አይተው ያዟቸው። ያን ቀን ባይያዙ ኖሮ ዛሬ ከዚያ ቤተ ሰብ ጋር መነጋገራቸው ያጠራጥራል።

አባታቸው ደልጊ አካባቢ የቅኔ መምህር ነበሩ። ፊደልን የሚወዱት ከዚያ ነው። ወይዘሮ ውዴ ግን የፊደል ሰው አይደሉም፤ የጆሮ ሰው ናቸው። የስልክ መስመር በእጅ እየተሰካ በሚገናኝበት ዘመን ኦፕሬተር ነበሩ። የከተማውን ቁጥር በሙሉ በቃላቸው ያውቁ ነበር፤ ማን ለማን እንደሚደውል፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን በድብቅ እንደታረቀም ያውቁ ነበር። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ ከአፋቸው ወጥታ የሰማ ሰው የለም። ባላቸው ይህን ችሎታ ዝምተኛነት ይሉታል። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረው ሲኖሩ ልዩነቱን አላጣሩም።

ነገሩ የተጀመረው ግቢያቸው ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይታ በምትኖረው በቃልኪዳን ነው። ቃልኪዳን ኮሌጅ ታስተምራለች፤ ከዚያ በተረፋት ጊዜ ለውጭ አገር ሰዎች የስልክ ፕሮግራም ትሠራለች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አቶ መርስዔ ኀዘን ማንጎው ሥር ተቀምጠው ጋዜጣ በቀይ ብዕር ሲያነብቡ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ አማርኛ የሚያርም ሰው እየፈለግን ነው» አለች።

«መጽሐፍ ነው?»

«አይደለም፣ የስልክ ፕሮግራም ነው። የቢትኮይን ቦርሳ ይባላል። በብዙ ቋንቋ ወጥቷል፤ የአማርኛውን ግን ኮምፒውተር ነው የተረጎመው።»

አቶ መርስዔ ኀዘን ቢትኮይን የሚባለውን ነገር በሬዲዮ ሰምተውት ያውቃሉ። ቃልኪዳን ቁጭ ብላ አስረዳቻቸው። በኢንተርኔት የሚላክ ገንዘብ ነው፤ መሐል ላይ ባንክ የለውም፤ ቁልፉን የያዘ ሰው እሱ ነው ባለቤቱ። እዚህ አገር ሱቅ ገብተው ዕቃ አይገዙበትም፣ ሕጉ አይፈቅድም። የሥራው ክፍያ ግን በዚያው እንደሚሆን አልሸሸገቻቸውም።

«ክፍያውን ተይው» አሉ አቶ መርስዔ ኀዘን። «ጽሑፉን አሳዪኝ።»

የመጀመሪያው ገጽ «ገንዘብዎን በራስዎ ቁጥጥር ሥር ያውሉ» ይላል። አቶ መርስዔ ኀዘን ቀና አሉ። «ገንዘቡ ምን አጥፍቶ ነው በቁጥጥር ሥር የሚውለው?»

ሁለተኛው ገጽ ባሰ። «የዘር ሐረግዎን በወረቀት ላይ ይጻፉ። የዘር ሐረግዎን ለማንም አይንገሩ። የዘር ሐረግዎን ያወቀ ሰው ሀብትዎን በሙሉ ሊወስድ ይችላል።»

መነጽራቸውን አውልቀው ሐይቁ ባለበት አቅጣጫ ረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ይኼስ እውነት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ደልጊ ያለውን የአባቴን ቦታ የወሰዱብኝ የዘር ሐረጌን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።»

ቃልኪዳን እስኪያስላት ሣቀች። ከዚያ እንደምንም ብላ አስረዳቻቸው። ቦርሳው ሲከፈት ዐሥራ ሁለት ቃላት ይሰጣል። ስልኩ ቢጠፋ፣ ቢሰበር፣ ቢሰረቅ፣ እነዚያን ቃላት በሌላ ስልክ ላይ በቅደም ተከተል ያስገባ ሰው ገንዘቡን መልሶ ያገኛል። እንግሊዞች ቃላቱን እንደ ዘር ቆጥረው ነው ስም ያወጡላቸው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ እንዳገኘው ገለበጠው።

«ዘርም አይደለም፣ ሐረግም አይደለም» አሉ አቶ መርስዔ ኀዘን። «ሐረግ ቢሆን ቃል ከቃል ይያያዝ ነበር። የማስመለሻ ቃላት በይው።»

ያ ስም ጸደቀ። እሳቸውም ሥራውን ተቀበሉ። ግን አንድ ደንብ ነበራቸው፤ ያልገባቸውን ጽሑፍ አያርሙም። ስለዚህ ቦርሳው በራሳቸው ስልክ ላይ ተጫነ።

ሲከፈት የምሥጢር ቁጥር አስመረጣቸውና ዝም አለ። አቶ መርስዔ ኀዘን ጠበቁ።

«ስሜን አልጠየቀኝም» አሉ።

«አይጠይቅም ጋሼ። ስም አይፈልግም፣ መታወቂያ አይፈልግም፣ ስልክ ቁጥርም አይፈልግም።»

እዚህ ላይ የሰውየውን ልብ የነካ ነገር ተፈጠረ። መታወቂያቸው ላይ «መርሴ ሀዘን» ተብለው ተጽፈዋል። የባንክ ደብተራቸው ላይ «መርሻ ሐዘን» ናቸው። የጡረታ መዝገቡ ላይ ያለውን ባናነሣው ይሻላል። በሕይወታቸው ስማቸውን ሳያበላሽ ያስተናገዳቸው የመጀመሪያው ተቋም ይህ ቦርሳ ሆነ፤ ምክንያቱ ባለመጠየቁ ቢሆንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ቦርሳው ሲናገሩ ድምፃቸው ላይ አክብሮት ተጨመረ።

ሥራው ስድስት ሳምንት ወሰደ። ማታ ማታ ሳይሆን ከቁርስ በኋላ፣ ማንጎው ሥር፣ እያንዳንዱን መስመር እየተከራከሩ። የዓይን ምልክቷን ሲነኳት ያለው ገንዘብ በነጠብጣብ ይሸፈናል፤ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ቢያይ ምንም አያይም። ይህን በጣም ወደዱት፤ ገና ምንም የሚሸፈን ነገር ሳይኖራቸው ዐሥር ጊዜ ሸፈኑት። ገንዘብ ለመቀበል በተፈለገ ቁጥር ደግሞ ቦርሳው አዲስ አድራሻ ያወጣል። ይህ አልገባቸውም።

«አንድ ሰው ስንት አድራሻ ይኖረዋል?» አሉ።

«መዝገቡ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው፣ ጋሼ» አለች ቃልኪዳን። «ስም የለበትም እንጂ ከየት ወዴት ስንት እንደሄደ ማንም ያያል። አንዱን አድራሻ ደጋግመው ከሰጡ፣ አንዴ የላከልዎ ሰው ሌላ ማን እንደላከልዎ፣ ስንት እንዳለዎ ሊያይ ይችላል።»

አቶ መርስዔ ኀዘን ግንባራቸውን ቋጠሩ። በረንዳው ላይ ምስር ይለቅሙ የነበሩት ወይዘሮ ውዴ ቀና ሳይሉ፣ «አንዱ ደዋይ የሌላውን ደዋይ እንዳያውቅ ነው» አሉ። «እኛም እንደዚያ ነበር የምንሠራ።» ወደ ምስራቸው ተመለሱ። ቃልኪዳን ዞር ብላ አየቻቸው፤ ባላቸው ግን ነጠላ ሰረዝ የቱ ጋ እንደሚገባ እያሰቡ ስለነበር አላስተዋሉም።

ትልቁ ክርክር የተነሣው ቃላቱ ለጠፉበት ሰው በሚወጣው መልእክት ላይ ነው። ኮምፒውተሩ «እኛ እርስዎን መርዳት አንችልም» ብሎታል። አቶ መርስዔ ኀዘን ይህን ስድብ ነው አሉ። ገንዘቡ ለጠፋበት ሰው፣ ምናልባትም ለሽማግሌ፣ እንዲህ አይባልም። አሰማምረው ሲጽፉት «ቃላቱ ከጠፉብዎ ልንረዳዎ ባለመቻላችን ከልብ እያዘንን፣ አምላክ መላውን እንዲያመላክትዎ እንመኛለን» ሆነ።

«ጋሼ፣ ስልኩ ላይ አይገባም» አለች ቃልኪዳን። «ደግሞ ተስፋ ይሰጣል። ምንም ተስፋ የለም እኮ። የሚደወልበት ቢሮ የለም። ቁልፉ ከእርስዎ በቀር ማንም ዘንድ የለም።»

ሁለት ቀን ተኳርፈው በሦስተኛው ቀን ተስማሙ። «ቃላቱ ከጠፉ መላ የለንም» ተባለ። አቶ መርስዔ ኀዘን ውሳኔውን አልወደዱትም፤ የዓረፍተ ነገሩን አጭርነት ግን አደነቁ።

የራሳቸው ዐሥራ ሁለት ቃላት በእንግሊዝኛ ነበሩ፤ የአማርኛ ዝርዝር ገና አልተዘጋጀም። ቃላቱ ምን ምን እንደነበሩ እዚህ መጻፍ ነውር ይሆናል። አንዱ የእንስሳ ስም፣ አንዱ የወጥ ቤት ዕቃ፣ ሁለቱ ቅጽል፣ ሦስቱ ግስ ነበሩ ብንል ግን ማንንም አንጎዳም። ወረቀት ላይ ጻፏቸው፣ ቦርሳው ሦስተኛውንና ሰባተኛውን ሲጠይቃቸው በትክክል መለሱ። ከዚያም በልጅነታቸው ቅኔ ቤት እንደለመዱት በቃል ለመያዝ ተነሡ። ፂማቸውን ሲላጩ፣ ፓፓያውን ውኃ ሲያጠጡ፣ ጫማቸውን ሲያስሩ ይደግሟቸዋል። ለራሳቸው በሹክሹክታ የሚያነበንቡ ይመስላቸው ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ወረቀቱ ላይ ሻይ ፈሰሰበትና ወደ ንጹሕ ሊገለብጡት ተቀመጡ። ይህ ሰው በሕይወቱ ጽሑፍ ሳያርም ገልብጦ አያውቅም። ቅጽሉ ከስሙ ርቆ ሲያዩት እጃቸው በራሱ አቀረበው። ግሱ ያለ ባለቤት መሐል ላይ ቆሞ ሲያገኙት ወደ እንስሳው አስጠጉት። ሲጨርሱ ዐሥራ ሁለቱ ቃላት ትርጉም ባይኖራቸውም ሰዋስው ነበራቸው። አሮጌውን ወረቀት አቃጠሉት፤ ረቂቅ ሜዳ ላይ አይጣልም። አዲሱን በዳዊታቸው ማኅደር ውስጥ አስገቡት። አዲሱን ቅደም ተከተል ሲያጠኑት ደግሞ አሮጌው ከአእምሯቸው ተፋቀ።

ኅዳር ላይ ሥራው አለቀና ክፍያው በአጭር የደወል ድምፅ ስልካቸው ላይ ገባ። አዩት፤ ሸፈኑት፤ ገልጠው አዩት። ለማንም አልተናገሩም። በሐይቁ ዳር ሲመላለሱ ግን አረማመዳቸው ተለወጠ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ አገጫቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው ይሄዱ ጀመር። ጓደኞቻቸው አንድ ነገር እንዳለ ያወቁት ከዚህ ነው።

ጥር ላይ ለክብረ በዓል ወደ ዘጌ ሊሻገሩ ጀልባ ተሳፈሩ። የጀልባው ባለቤት ገድሉ ይባላል፤ ጀልባውን በቅርቡ ቀለም ቀብቶ ስም አውጥቶለታል። ስሙ የተጻፈው በጎኑ በኩል፣ ከውኃው ከፍ ብሎ ነው። አቶ መርስዔ ኀዘን ከተሳፈሩ በኋላ የመጀመሪያዋ ፊደል አሳሰበቻቸው። ጀልባው መሐል ሐይቅ ሲደርስ ሊያረጋግጡ ጎንበስ አሉ። «ጸሃይ» ይላል። የበለጠ ጎንበስ ሲሉ ስልኩ ከደረት ኪሳቸው ሾልኮ ጣና ውስጥ ገባ።

ገድሉ ሞተሩን አጠፋ። «ጋሼ፣ ምን ፈልገው ነው?»

«ፀሐይ» አሉ አቶ መርስዔ ኀዘን ውኃውን እያዩ፣ «የሚጻፈው በፀሐዩ ፀ ነው።»

ገድሉ አላለቀሰም አልሣቀም፤ ሞተሩን አስነሣ። ተሳፋሪው ሁሉ ሲያዝንላቸው እሳቸው ግን ፈገግ አሉ። ገንዘቡ ስልኩ ውስጥ እንዳልነበረ፣ ስልክ ማለት መስኮት ብቻ እንደሆነ፣ ቃላቱ እስካሉ ድረስ ምንም እንዳልጠፋ እስከ ዘጌ ድረስ አስረዷቸው። ምሥጢሩን ለሃያ ሁለት ሰው መናገራቸው ትዝ ያላቸው ከጀልባው ከወረዱ በኋላ ነው።

በማግስቱ ያገለገለ ስልክ ተገዛ። ቃልኪዳን ቦርሳውን ጫነችላቸው፣ ከዚያ ቃላቱን እንዳታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አቶ መርስዔ ኀዘን ወረቀቱን ከማኅደሩ አውጥተው አንድ በአንድ አስገቡ። ስልኩ መለሰ፤ «የቃላቱ ቅደም ተከተል ትክክል አይደለም። እባክዎ ያረጋግጡ።»

አራት ነጥቡ በቦታው ነው። የራሳቸው እጅ ሥራ ነው፤ ለአፍታ ደስ አላቸው። እንደገና አስገቡ። እንደገና መለሰ። ሦስተኛ ሞከሩ።

ቃልኪዳን ከግድግዳው ሳትዞር፣ «ጋሼ፣ ያረሙት ነገር አለ?» አለች።

ወረቀቱን አጣጠፉት። «ጥቂት» አሉ።

«የመጀመሪያው ወረቀትስ?»

«አቃጠልሁት።»

ዐሥራ ሁለት ቃላት በስንት ዓይነት እንደሚደረደሩ ጠየቋት። ከአራት መቶ ሰባ ሚሊዮን በላይ ነው አለቻቸው። አንዳንድ ሰዎች በኮምፒውተር ሊፈልጉት እንደሚችሉ፣ ግን ለማያውቁት ሰው ቃላቱን መስጠት ሌባ በር ከፍቶ እንደማስገባት መሆኑንም ጨመረች። የሚደወልበት ቢሮ እንደሌለ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም፤ ያንን ዓረፍተ ነገር የጻፉት እሳቸው ናቸው።

ሦስት ቀን ቀይ ብዕሩ ከኪስ አልወጣም። ጋዜጣው መጣ፤ አልተነበበም። ጎረቤት ቤት አዲስ ምግብ ቤት ተከፍቶ በበሩ ላይ «ፆም ምግቦች ሁሌም አለን» በሚለው ጽሑፍ ውስጥ ሦስት ስሕተት ነበረ፤ አልፈውት ሄዱ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ሰላምታ ሰጥታ ስትጠብቃቸው ደንግጣ ታመዋል ወይ ብላ ወይዘሮ ውዴን ጠየቀች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ወይዘሮ ውዴ ልብስ እያጠፉ፣ «ምን ሆነሃል?» አሏቸው።

«ቃላት ጠፉብኝ።»

«የትኞቹ? ሳትቀያይራቸው በፊት ስትላጭ የምትላቸው?»

አቶ መርስዔ ኀዘን ቀስ ብለው ዞሩ። ወይዘሮ ውዴ የያዙትን አንሶላ ሳያስቀምጡ ዐሥራ ሁለቱን ቃላት ከመጀመሪያው ጀምረው ተናገሯቸው። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ቃላቱ የወጡት በባላቸው ድምፅ፣ በባላቸው ጎጃምኛ እንግሊዝኛ ነው። ዘጠነኛው ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው ሳሉ።

«ለምን ሳልሽ?»

«አንተ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ታስላለህ። የቃሉ አካል መስሎኝ።»

ወረቀት አመጡ። ወይዘሮ ውዴ ሲናገሩ እሳቸው ጻፉ። ስድስተኛው ላይ ቅጽሉ ብቻውን ተንጠልጥሎ ሲቀር ብዕራቸው አየር ላይ ቆመ። «እንዳለ ጻፍ» አሉ ወይዘሮ ውዴ። እንዳለ ጻፉ። ስልኩ ትንሽ አሰበና ተከፈተ። ያለችው ገንዘብ እንዳለች ነበረች። አቶ መርስዔ ኀዘን መሸፈኑን ረስተው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«ሁሉንም ትሰሚኝ ነበር?»

«ጮክ ብለህ ነው የምትል» አሉ ወይዘሮ ውዴ። «ፓፓያውም ይችለዋል።»

ነገሩን ለቃልኪዳን ሲነግሯት ደስ አላት፤ ከዚያ ግራ ገባት። በደንቡ ቃላቱን ሌላ ሰው ካወቃቸው አዲስ ቦርሳ ተከፍቶ ገንዘቡ ወደዚያ መዛወር አለበት። ይህን ሠላሳ ስምንት ዓመት በትዳር ለኖሩ ሰዎች እንዴት እንደሚባል አላወቀችም፤ ቢሆንም ተናገረችው። አቶ መርስዔ ኀዘን ሚስታቸውን አፍረው አዩዋቸው።

«ይዛወር» አሉ ወይዘሮ ውዴ። «የሰው ነገር ጠብቄ ነው ዕድሜዬ ያለቀው፤ ሌላ መጨመር አልፈልግም። ለእኔም አንድ ክፈቺልኝ።»

ሁለት ቦርሳ ተከፈተ። አቶ መርስዔ ኀዘን ግማሹን ለሚስታቸው ላኩላቸው፤ ያለ ጠያቂ፣ ያለ ንግግር። ወይዘሮ ውዴ የራሳቸውን ቃላት ስልኩ በድምፅ ሲያነብላቸው አንድ ጊዜ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ወረቀቱ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። አቶ መርስዔ ኀዘን አልፈለጉትም፤ ይህን ደጋግመው ተናግረዋል። ሚስታቸው ሽንኩርት ሲከትፉ ግን ወጥ ቤቱ በር ላይ ጆሯቸውን ጣል አድርገው ሲቆሙ ይታያሉ። ወይዘሮ ውዴ ሽንኩርት የሚከትፉት አፋቸውን ዘግተው ነው።

ሚያዝያ ላይ ቃልኪዳን አዲስ አድራሻ አውጥተው እንዲሰጧት ጠየቀቻቸው፤ ለሙከራ መሰላቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ስልኩ አጭር ድምፅ አሰማ። ትንሽ ገንዘብ ገብታለች። ላኪ የለም።

«አንቺ ነሽ?» ብለው ቃልኪዳንን ጠየቋት።

«አይደለሁም።»

«ታዲያ አድራሻውን ለማን ሰጠሽው?»

«ይህን አልናገርም ጋሼ። ላኪው ካልፈቀደ አይገለጽም ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት።»

ለብዙ ቀን አሰቡበት። በመጨረሻ አንድ መደምደሚያ ላይ ደረሱ። ቦርሳውን ያወረደ፣ አማርኛውን ያደነቀ አንድ አንባቢ መሆን አለበት፤ ምናልባት ቆላ ድባ ያለ እህል ነጋዴ፣ ምናልባት አስተማሪ። ሰው ነው፣ አንብቧል፣ ገብቶታል። ይህን ለእንግዳ ሁሉ ሲያወሩ ወይዘሮ ውዴ በሰሃን ቆሎ ያቀርባሉ።

አንድ ነገር ብቻ ከነከናቸው። ለማያውቁት ሰው ምስጋና የሚላክበት መንገድ ቦርሳው ውስጥ የለም። ስለዚህ ለሠሪዎቹ የሐሳብ ደብዳቤ አረቀቁ፤ ተቀባይ ላኪውን ሳያውቅ የሚያመሰግንበት አንድ ቁልፍ እንዲጨመር የሚጠይቅ። የምስጋናውን ቃልም ራሳቸው አዘጋጁለት። ለቃልኪዳን ከመስጠታቸው በፊት ቆመው ለሚስታቸው አነበቡላቸው። አጭር ነበር፤ «ማን እንደሆኑ አላውቅም። አስበውኛልና እግዜር ያስብዎ» ይላል።

ወይዘሮ ውዴ እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «እንደደረሰ ቁጠረው።»